ክትባት የቆሻሻ ሰብሳቢዎች መብት እንጂ ችሮታ አይደለም!



በሲቀላም ሆነ በሴቻ በማለዳ ከየደጃችሁ ማዳበሪያ ተሸክመው የሚሄዱትን እናቶችና ወጣቶች ታውቋቸዋላችሁ። የሙዝ ልጣጭና የምግብ ትራፊ ያረጠበው ማዳበሪያ በጀርባ ሲታዘል፣ ውስጡ የተጣለው ምላጭና የስሪንጅ መርፌ የተሸካሚውን ገላ ያገኛል። ስስ ጓንት መርፌ አያቆምም። በአርባ ምንጭ ሙቀት በሸበጥ የሚሄድ እግርማ ምን መከላከያ አለው?

በዚያ መርፌ ጫፍ ሊኖር የሚችለው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ክትባት ያልወሰደ ሰው በቫይረሱ በተበከለ መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ እስከ 30 ይደርሳል፤ በኤች አይ ቪ ግን ከሺህ 3 ያህል ነው። (ለኤች አይ ቪ የተሰቀለው ባነር ሲሶው እንኳ ለዚህ ቢሰቀል ምን ነበረበት!) ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው የዓይን ቢጫነት አንዱ ምልክቱ ቢሆንም፣ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ሊኖርና ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል፤ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የጤና ተቋማት ቆሻሻ በሚያነሱ ሠራተኞች ላይ ቫይረሱ ከሌሎች ሠራተኞች በርክቶ መገኘቱን አሳይቷል።

መከላከያ የሌለው በሽታ ቢሆን ኖሮ ዕጣ ፈንታ ነው ባልን። ክትባቱ ግን ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። በአገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት እየተሰጠ ነው፤ ይህን በጎ ሥራ አንክድም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ታለፈ። ዛሬ ጋሪ የሚገፋው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው የታለፈው ነው።

ለምን ታለፈ? መልሱ «ጥቃቅንና አነስተኛ» በሚለው ስያሜ ሥር ተደብቋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ጤናማ የሥራ አካባቢን የሠራተኛው መብት ያደርገዋል። ቆሻሻ ሰብሳቢው ግን በማኅበር ተደራጅቷልና «አሠሪ የለህም፣ የራስህ ጌታ ነህ» ይባላል። ሪፖርት ሲጻፍ «ሥራ ፈጠርንለት» የሚለው ካድሬ፣ ሰውየው በመርፌ ሲወጋ «የማኅበሩ ጉዳይ ነው» ይላል። ከተማው ጽዳቱን ይወስዳል፣ ቁስሉን ለማኅበሩ ይተዋል። ይህ ሕግን በስያሜ ማምለጥ ነው እንላለን! ውል ሰጪው አስተዳደር እስከሆነ ድረስ ኃላፊውም እሱ ነው።

በጀት የለም ይሉናል። ለ100 ሠራተኛ የሚያስፈልገው 300 ክትባት ነው። አንድ የድጋፍ ሰልፍ ከሚፈጀው ቲሸርት፣ ባነርና ነዳጅ ጋር አስተያዩት።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ከየማኅበሩ ጋር የሚፈረመው የጽዳት ውል ሁሉ ምርመራን፣ ሦስቱን ክትባት፣ ወፍራም ጓንትና ቦቲ ጫማን በከተማው ወጪ እንዲያካትት በም/ቤት እናስወስናለን። የተወጋ ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ክፍያ ይታከማል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ክትባቱ አይፈውሰውምና ወደ ሕክምና ይላካል እንጂ ከሥራው አይባረርም፤ በሽታው አብሮ በመብላትም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። መርፌውን ከተራ ቆሻሻ ጋር የሚጥል የግል ክሊኒክም ይጠየቃል።

እናንተም መራጮች፣ ከምርጫው በፊት የምታደርጉት አለ። ምላጩንና የኢንሱሊን መርፌውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ከታችሁ ክዳኑን አጥብቁ። ዕጩ ተወዳዳሪ፣ የእኛም ቢሆን፣ ደጃችሁ ሲመጣ፣ ወይም ሕዝብ በዱቡሻ ሲሰበሰብ፣ ይህችን ጠይቁት፦ በዚህ ቀበሌ ቆሻሻ ከሚያነሱት ውስጥ ሦስቱንም ክትባት የጨረሱት ስንት ናቸው?