የልጁን መኪና መልሱለት

በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር አጠገብ ካለችው ከመሸንቲ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከበቆሎ አገዳ የሠራውን መኪና ክፍል ይዞ ገብቶ ተገኘ። መምህሩ ቀሙት፣ ሰበሩት፣ ልጁንም አንበረከኩት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የትም ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

መኪናውን ከመሰበሩ በፊት አይቼዋለሁ። የፊት ጎማዎቹ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ናቸው። ሁለቱን የያዘው እንጨት መሐሉ ላይ በሽቦ ተወግቶ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ከእሱ ላይ ረጅም ዘንግ ተነሥቶ ልጁ እጅ ድረስ ይመጣል። ልጁ ቀና ብሎ እየሮጠ መሪውን ሲያዞር ጎማው ይታዘዛል። «ለምን ደረቅ አገዳ መረጥክ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተራል እኮ፤ ከዚያ ሚስማሩ ይላላል» አለኝ። ሚስማር የሚለው ከአገዳው ልጥ አሹሎ ያወጣውን ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላነበበም፤ የቀድሞ መኪናው ተበታትኖበት የደረሰበት ነው። መሐንዲስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በጻፍኩ ቁጥር «በጀት የለም፣ ላቦራቶሪ የለም» የሚሉ ይጽፉልኛል። መሸንቲ ላይ ለአገዳ በጀት አያስፈልግም። የትምህርት ማበልፀጊያ ማዕከል የሚባለውም ክፍል ቢሆን በብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ ተቆልፎ ይከርማል እንጂ። ሌሎች ደግሞ ምህንድስና የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው ይሉኛል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ለከተማችን ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል የሚያደርገውን አደንቃለሁ። ግን እዚያ የሚደርሰው ተመርጦ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ መኪናው የተሰበረበት ልጅ ለመመረጥ አይደርስም።

በጀቱ ሰበብ ነው። እኛ የምንንቀው እጅን ነው። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ስንል ኖረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ወጣቶችን ከሚሲዮናውያኑ ጋር እያሠሩ ሙያ ሊያስተምሩ ሲነሡ የታገሉት ይህንኑ ንቀት ጭምር ነበር። እዚያ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ጋፋት ግን ተተኪ አላገኘም።

ንቀቱ ያጎደለብንን ዕውቀት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ መቼ ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት ያውቃሉ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» ከዚሁ ከጣና ደንገል ተሠራች። የሠሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። በጥንት ግብፅ ሥዕሎች ላይ የጀልባዋን ኋላ ቀልብሶ ከወለሉ ጋር የሚያስር ገመድ ይታያል፤ «ራ» ላይ ያ ገመድ ቀረ። ባሕሩ መሐል ኋላዋ እየዘቀጠ ሄደ፣ ባርባዶስ ሳትደርስም ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት «ራ 2» ተሻገረች። አንድ ገመድ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም፤ ደንገሉም የደጃችን ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ታንኳ ሠሪ ጠርቶ፣ ለአውደ ጥናት ተሳታፊ እንደሚከፍለው የቀን አበል ከፍሎ፣ የመሸንቲን ልጆች ያስተምርልን። ልጆቹ ክንድ የማታህል ታንኳ ይሠሩ፣ ገንዳ ላይ ያንሳፍፏት፣ ጠጠር ይጫኑባት። ትስመጥ። ለምን እንደሰመጠች ይከራከሩ፣ እንደገና ይሠሯት። የአካባቢ ሳይንስ ውጤታቸው ላይም ለዚህ ነጥብ ይያዝላቸው።