ዋስትናው በአከፋፈሉ ነው

በኢቤይ የኢንተርኔት ጨረታ ላሸነፈ ገዢ፣ ከሻጩ መልካም ስም ይልቅ የሚያድነው የከፈለበት መንገድ ነው። ኢቤይ በራሱ መክፈያ የተከፈለበት ዕቃ ካልደረሰ ወይም ከተገለጸው ከተለየ ገንዘብ ያስመልሳል፤ አቤቱታው የሚቀርበው ግን ዕቃው በደረሰ ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን በ30 ቀን ውስጥ ነው። ፔይፓል ከተከፈለበት ዕለት ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣል። ሻጩ «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን ለወዳጅ እንደተላከ አድርገው ይክፈሉኝ» ካለ ግን ይጠርጥሩ፤ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ ከለላ የለውም።

ዋሽንግተን ባለ ዘመዱ በኩል የመኪና መለዋወጫ የሚያስገዛ የሶማሌ ተራ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ የኢቤይ ዋስትና አይሸፍነውም። ደንቡ ለኢቤይ ይመቻል፤ ለሩቅ ገዢ ግን ይጎረብጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ተከፍቶ መፈተሽ ያለበት እዚያው ዘመድ ቤት፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይገባ ነው።