ኩንታሉ ይቀነስ፣ ወገብ ይትረፍ

አንድ ገበሬ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል፣ ወይም ዕድሜውን ያማርራል። የሚሸከመው ክብደት ያለውን ድርሻ የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም የእያንዳንዱ ሰው የግል ጣጣ ሆኖ ቀርቷል። የማኅበር ስብሰባ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እርከን ሲመክር ይውላል፤ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ማሳ ስለሚያደርሰው ወገብ ግን አይነሣም። ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ የሕክምና ጥናቶች ችግሩ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳሉ። በሕንድ አገር በፑኔ አውራጃ በምትገኘው ብሂግዋን በተባለች የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. በ1996 ከቤት ወደ ቤት በተጀመረው ጥናት፣ ከተጠየቁት ከ4 ሺህ በላይ አዋቂዎች መካከል ከ100ው 18 ያህሉ የአጥንት፣ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለባቸው ታውቋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በእርሻ የቆዩ ወንዶች፣ ተቀምጠው ከሚሠሩት ይልቅ በዳሌ መገጣጠሚያ መበላት በብዙ እጥፍ እንደሚጠቁ አመልክቷል። ተመራማሪዎቹ በዋነኛነት የጠረጠሩት ከባድ ዕቃ ዘወትር ማንሣትን ነው። ትራክተር ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር በጀርባ በሚጓጓዝበት መንደር ጉዳቱ ሊቀል አይችልም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሶን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በሚገኘው ለስላሳ ትራስ ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክተው፣ ሰው አጎንብሶ ሸክም ሲይዝ ግፊቱ በእጅጉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሸክሙ ከሰውነት በራቀ መጠንም ጫናው ይብሳል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። አንድ ኩንታል ግን 100 ኪሎ ነው። ወጣቱ ይህን በአንድ ትከሻ አንሥቶ ሲሄድ «ጎበዝ!» ይባላል፤ በ50 ዓመቱ ከዘራ ሲይዝ ግን ጉብዝናውን የሚያስታውስለት የለም።

«ኩንታሉን ለሁለት መክፈል ጊዜ ይፈጃል፣ ተጨማሪ ከረጢትም ይጠይቃል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ በእርሻ ወቅት ሁለት ሳምንት ቢተኛ የሚቀርበት ማሳ ከከረጢቱ ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ሊፈጽሟቸው የሚችሏቸው ሥራዎች አሉ። መጋዘን ያላቸው ማኅበራት እህል በ50 ኪሎ ከረጢት ብቻ እንዲረከቡ መወሰን፣ ከረጢቱም ከመሬት ሳይሆን ወገብ ድረስ ከፍ ካለ መደብ ላይ እንዲነሣ ማድረግ ይገባቸዋል። የጋራ ጋሪ ማሠራትም ብዙ ሸክም ያቃልላል። እናቶችና ልጃገረዶች በጀርባቸው የሚያመላልሱት ውኃና ማገዶም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት፤ 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የታመመውም ቢሆን ለሳምንታት እንዲተኛ መምከር ተገቢ አይደለም። በፊንላንድ አገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት፣ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች መካከል ሕመማቸው በፈቀደ መጠን የዘወትር ሥራቸውን የቀጠሉት አልጋ ላይ ከዋሉት ፈጥነው መሻላቸውን አረጋግጧል። ትኩሳት ያለበት፣ እግሩ የሰነፈበት ወይም ሽንት መሽናት የተሳነው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት።

በሬ ከመጠን በላይ ተጭኖ ሲያነክስ ባለቤቱን የሚወቅስ ማኅበር፣ ለአባላቱ ወገብም ድንበር ሊያበጅለት ይገባል። የመጪው ስብሰባ አጀንዳ ሲዘጋጅ ኩንታሉ አብሮ ይጻፍ።