ያማረ አውራ ሁሉ ዘር አይደለም

በበዓል ሰሞን ቀይ አውራ ዶሮ ዋጋው ይሰቀላል። ከደመወዟ ቆጥባ «የቀይ ዘር ነው» ተብላ አውራ የምትገዛ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፣ ጫጩቶቹ ነጭ ቢሆኑባት ኪሳራው የሷ ነው። ላባ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀዩ ነጭን ደብቆ ሊይዝ ይችላልና።

እንግዲህ ይፈተን! ሪሴሲቭ ነጭ ከሆኑ ሴት ዶሮዎች ጋር ይዳቀል። (ነጭ ሌግሆርን አይሆንም፤ የሱ ነጭ ዶሚናንት ነው።) በ21 ቀን የተፈለፈሉት ላባ ሲያወጡ አንዱ እንኳ ከነጣ አውራው ተሸካሚ ነው። ተሸካሚ ሆኖ 10 ጫጩት ሁሉም ባለ ቀለም የሚሆንለት ግን ከ1024 አንዴ ነው።

ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያ የመረጠው ለክብደትና ለእንቁላል ነው። ደግ አደረገ። ገዢው በቀለም እየመረጠ ታዲያ የቀለሙን ፈተና ዲፓርትመንታችን ቢጀምረው ምን ይከብደዋል?