ጠርዙን አሳዩኝ

የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር የምጣላበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ሳንቲሙን አያዩትም። አንዱ የ1795 ዶላሩን ፎቶ ሲለጥፍ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት አገኘ?" ነው፤ ልክ የማትሪክ ውጤት እንደመጠየቅ። ሳንቲሙ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጓል፣ ከላዩ ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ላይ ከ70 የተሰጠ ቁጥር አለ። ወሬው በሙሉ ስለዚያ ቁጥር ነው። 53 ከሆነ እንኳን ደስ አለህ፣ 12 ከሆነ አይዞህ። ብሩን በምን መቱት፣ ግራ ጎኑ ለምን ደበዘዘ፣ ደረቱ ላይ ያለው ጭረት የማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ቁጥር ማምለክን ከሥራ ቦታ አውቀዋለሁ። "ቴስቱ የኮዱን 90 በመቶ ይሸፍናል" ተብሎ የተጨበጨበለት፣ ግን አንድም ቁም ነገር የማይፈትሽ ፕሮጀክት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ቁጥር ሲያሳዩኝ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል።

ይሄኛው የመጣው ዊልያም ሼልደን ከተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ድሮ የአሜሪካ ሴንቶች መጽሐፍ አሳተመ። ልብ በሉ፣ ስለ መዳብ እንጂ ስለ ብር አይደለም። ሐሳቡም የዋጋ ቀመር ነበር፦ እጅግ ያለቀው ሴንት 1 ዶላር ካወጣ፣ እንከን የሌለው 70 ዶላር ያወጣል። ገበያው ብዙም ሳይቆይ ቀመሩን አፈረሰው፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ኋላ ብሩም ወርቁም በዚያው ይለካ ጀመር፤ በ1980ዎቹ ደግሞ እያሸጉ ቁጥር የሚሰጡ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ይኸው ሼልደን የሰውን ገላ በሦስት ቁጥር መድቦ ጠባዩን ከዚያ ላንብብ ይል የነበረ ሰው ነው። ከአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር ስብስብ ውስጥም ጥሩ ጥሩውን ሴንት ወስዶ በራሱ ደካማ ሴንት ሲተካ እንደነበር በኋላ ተደረሰበት። ሰውየው ስለሰረቀ ሚዛኑ ሐሰት ነው አልልም። ግን ኧረ፣ ከሲና ተራራ የወረደ ጽላት አታስመስሉት።

አሁን ወደ ብሩ እንሂድ። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን የብር ዶላሮች በፊላደልፊያ በ1794 መታ፤ ኦክቶበር 15 ቀን 1,758 ሳንቲም ተረከቡ። ፊቱ ላይ ፀጉሯ የተበተነ ሴት አለች፣ ጀርባው ላይ ንስር። ዋጋው ግን የለም! ሁለቱንም ገጽ አገላብጣችሁ "አንድ ዶላር" የሚል ፈልጉ፣ አታገኙትም። የተጻፈው ጠርዙ ላይ ነው፤ ዙሪያውን፣ "መቶ ሴንት፣ አንድ ዶላር ወይም መለኪያ" እንደማለት። ከዳር ዳሩ ብር ቆርጦ ሊሰርቅ የፈለገ ሰው ፊደሉን አብሮ ስለሚቆርጠው ይጋለጣል። እስከ 1803 ድረስ ያሉት ዶላሮች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ታዲያ ይህን ሳንቲም ጠርዙን በፕላስቲክ ውጦ የሚያሽግ ሰው ምኑን ነው የጠበቀው? አዳዲሶቹ ማሸጊያዎች በጥርስ መሰል ነገር ስለሚይዙት ከጠርዙ ከፊሉ ይታያል። በድሮዎቹ ግን ጭራሽ የለም።

ግራ ጎኑ የደበዘዘው ደግሞ ስላለቀ አይደለም። መምቻ ማሽኑ ለዚህን ያህል ትልቅ ሳንቲም አቅም አልነበረውም፤ ሁለቱ ማኅተሞችም በትክክል ትይዩ አልነበሩም። ስለዚህ በግራ በኩል ያሉት ኮከቦች ከማሽኑ ሲወጡ ጀምሮ ደካማ ናቸው። ጭረቶቹስ? በ1792ቱ ሕግ መሠረት አንድ ዶላር 26.96 ግራም መመዘን አለበት። ገና ያልተመታው ጠፍጣፋ ብር ከዚያ ከበለጠ ሠራተኛው በሞረድ ይፍቀዋል። ካነሰ ደግሞ በ1794 እና በ1795 አንዳንዱን መሐሉን በስተው ትንሽ የብር ውታፍ ከከተቱበት በኋላ መቱት። ለእኔ ይሄ ሎግ ፋይል ነው፦ ይሄኛው ከበደ፣ ተፋቀ፣ ተመታ። ከ230 ዓመት በፊት አንድ ሰው ሚዛን ፊት ቆሞ የወሰነው ውሳኔ እስካሁን ይነበባል። ለቁጥር አምላኪው ግን ጭረት ጭረት ነው፣ "ዓይን ይወጋል" ይላል። የሚገርመው፣ በ2013 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው የ1794 ዶላር ራሱ የሞረድ ጭረትም የብር ውታፍም አለው። እንዲያም ሆኖ ስለሱ ስትጠይቁ የሚነግሯችሁ 66 ማግኘቱን ነው።

ነገሩ በወሬ ቢቀር እኔም ዝም እል ነበር። ግን ለቁጥሩ ሲባል ሳንቲሙ ይጎዳል። ብር በዘመን ብዛት ይጠቁራል፤ ጥቁረቱን በአሲድ ነክረው ያነሱታል፣ እንዲያበራ። አሲዱ ጥቁረቱን ብቻ አይወስድም፤ ከራሱ ከብሩም ስስ ሽፋን ይዞ ይሄዳል፣ ደጋግመው ሲነክሩት ከምቱ የመጣው የተፈጥሮ ብርሃኑ ይሞታል። ማንም አይመልሰውም። ባክአፕ የሌለውን ነገር መደለዝ ማለት ይሄ ነው።

ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዓመተ ምሕረቱ የተሻለ ምስክር የለም፤ ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ይዋሻልና። ቦስተን ውስጥ ጆን ሃል እና ሮበርት ሳንደርሰን ከ1652 ጀምሮ ሽልንግ መቱ። የጥድ ዛፍ ያለበት ታዋቂው ሽልንግ ከ1667 እስከ 1682 ገደማ የተመታ ነው፤ ላዩ ላይ ግን 1652 ይላል። የሚወራው ተረት "በ1652 እንግሊዝ ንጉሥ አልነበራትም፣ ያለንጉሥ ፈቃድ መምታታቸውን ለመደበቅ ነው" የሚል ነው። ያምራል። ግን እዚያው ቤት የተመታው የሁለት ፔኒ ሳንቲም ላይ 1662 ተጽፏል፤ ያኔ ንጉሡ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል! ሁለት ፔኒው የተፈቀደው በ1662 ነው፣ ሽልንጉ በ1652። ጽሑፉ የሕጉን ዓመት ተከትሏል ማለት ነው። ተረቱን ያፈረሰችው ያቺ ጥፍር የምታክል ሳንቲም ናት።

የ1804 ዶላር የባሰ ነው። በዚያ ዓመት አንድም አልተመታም። የመጀመሪያዎቹ የተመቱት በ1834 ገደማ፣ ለሙስካት ሱልጣንና ለሲያም ንጉሥ ለመሰሉት በስጦታ እንዲላኩ ነው። ማን አጋለጣቸው? ጠርዙ። እነዚህ የተመቱት ዙሪያቸውን በብረት ቀለበት ታቅፈው ስለሆነ የጠርዙ ፊደል ተጨፍልቋል፤ እስከ 1803 የተመቱት ዶላሮች እንዲህ አይደሉም። በስሚዝሶኒያን ያለው ሌላ የ1804 ዶላር ደግሞ በ1857 የስዊዘርላንድ ብር ላይ የተመታ ነው፤ የስዊሱ ቅርጽ ርዝራዥ ከሥሩ ይታያል። 1804 የሚል ሳንቲም፣ ሥሩ 1857!

ዓመቱ የማይታመን ብር ለእኛም እንግዳ አይደለም። "ዶላር" የሚለው ቃል የመጣው ከ"ታለር" ነው፤ የማርያ ቴሬዛ ታለር ደግሞ ያው የእኛ ጠገራ ብር ነው፣ የትም ቢመታ መቼም ቢመታ 1780 የሚል። የድሮ ነጋዴ ሲቀበለው ዓመቱን አላነበበም፤ የጌጧን ዕንቁዎች ቆጠረ። ቁጥር የተለጠፈበት ፕላስቲክ ሳያስፈልገው ከዛሬ ሰብሳቢ የበለጠ ብሩን አየ።

"ማሸጊያው ከሐሰተኛ ይጠብቃል" ትሉኛላችሁ። በከፊል እውነት ነው፤ ገበያው በሐሰተኛ የድሮ ዶላር ተሞልቷል። ነገር ግን ማሸጊያውም፣ ወረቀቱም በሐሰት ይሠራል። ያኔ ቁጥር ብቻ ማንበብ የሚችል ሰው ባዶ እጁን ነው። ሚዛን ያለው፣ የኮከቦቹንና የፊደሎቹን አቀማመጥ ከሙዚየም ፎቶ ጋር የሚያመሳክር ሰው ግን የሚይዘው ነገር አለው፦ ማኅተሞቹ በእጅ ስለሚዘጋጁ እያንዳንዱ ከሌላው ይለያል፣ ሐሰተኛው ደግሞ የትኛውንም ላይመስል ይችላል። ለዚህ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ባለቤት መሆንም አያስፈልግም።

ልትገዙ ከሆነ ግን ሻጩ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ሲልክላችሁ ስለ ቁጥሩ ሳትጠይቁ በፊት ሦስተኛ ፎቶ ጠይቁት፣ የጠርዙን፣ ዞር ዞር እያደረገ። እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሻጭ እለፉ።