ሙቀቱን አትክሰሱት

ሰሞኑን አንድ የሎግያ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ከእንጨትና ከላሜራ የተሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የአውሮፕላን አካል ነው። አፍንጫው ላይ የአሮጌ ቮልስ ሞተር ተገጥሟል። ገና ከመሬት አልተነሳም። ሞተሩ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ይግላል። ልጁ ያገኘውን ሁሉ ምክር ጠይቋል፤ መልሱንም ልኮልኛል። አንዱ "አፋር ላይ ቮልስ ይቀቀላል እንጂ አይበርም" አለው። ሌላው "ደሴ ይዘኸው ውጣ" አለው። ሦስተኛው፣ መካኒክ ነኝ ባዩ፣ "ዙሪያውን ያለውን ላሜራ አውልቀህ ጣለው፣ ሞተሩ ይተንፍስ" ብሎታል።

የመጀመሪያው ቀልድ ነው፣ ይለፈው። ሦስተኛው ግን ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

እኔ ሚሌ ነው ያደግሁት። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ተሳቢ ኬላው ጋ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ ማየት ለእኛ እንደ ፀሐይ መውጣት ነው። ሁሉም የሚከሰው አንድ ተከሳሽ ነው፦ የሚሌ ሙቀት። ታዲያ ያው መኪና ባቲን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጣም ይፈላል። እዚያስ ማንን እንክሰስ?

ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየውን ልንገራችሁ። ቴርሞስታቱ የለም፤ "ሙቀት ያግዳል" ተብሎ ወጥቷል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው። ሲወጣ ከፊሉ የጋለ ውሃ ራዲያተሩን ሳይረግጥ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የቬንትሌተሩ መከለያ ተሰብሮ ተጥሏል፣ ስለዚህ ቬንትሌተሩ ያንኑ የሞቀ አየር ያማታል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው አልቋል፣ ግፊት አይዝም፣ ውሃው ያለ ጊዜው ይፈላል። ሦስት ዕቃ ወልቆ ወይም ተበላሽቶ እያለ አገሩን እንከሳለን። የእኛ በሽታ ይህ ነው፦ ጥቅሙ ያልገባንን ዕቃ አውልቀን እንጥላለን።

መኪና ሲሆን መንገድ ዳር ትቆማለህ። ሃምሳ ሜትር ከፍታ ላይ መንገድ ዳር የለም።

አሁን ወደ ልጁ ሞተር እንምጣ። ቮልስ ውሃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። መኪናው ላይ አየሩን የሚገፋ ትልቅ ቬንትሌተር አለው፤ ዙሪያውን ያለው ላሜራ ደግሞ ያንን አየር በሲሊንደሮቹ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መካከል አስገድዶ ያሳልፋል። አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ቬንትሌተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። ሥራውን ፕሮፔለሩና የበረራው ፍጥነት ይረከባሉ። ስለዚህ ላሜራው ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም! አየር እንደ ፍየል ነው፤ አጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ካገኘ በበሩ አይገባም። በላሜራውና በሞተሩ መካከል የጣት ስፋት ክፍተት ካለ በዚያ ሾልኮ ይወጣል፣ ቅጠሎቹ መካከል ያለው ጠባብ መንገድ ባዶውን ይቀራል። የኋለኛው ሲሊንደር ደግሞ ከፊተኛው ጀርባ ተደብቋል፤ ንፋስ ፊት ለፊት ስለነፈሰ ብቻ አይደርሰውም። ሞተሩን ገላውን ብታስቀረው ፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባው ይቃጠላል።

ይህን የቮልስ ባለቤቶች ያውቁታል። ፋብሪካው ራሱ የዘይት ማቀዝቀዣውን በሦስተኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ገትሮ፣ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ እንዲግል አድርጎ ነበር። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው ማቀዝቀዣውን ወደ ኋላ ያዛወረው። አንድ ዕቃ አየሩ ፊት በመቆሙ ብቻ!

"ደሴ ውጣ" ላላችሁት ደግሞ ትንሽ ሒሳብ። አዲስ አበባን ልውሰድ፣ ደጋነቷን ማንም አይክድም። በ22 ዲግሪ ቀን እዚያ አንድ ሜትር ኩብ አየር 900 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሰመራ በ42 ዲግሪ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ነው፣ ከባሕር ጠለል ብዙ ስለማይርቅ። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። 200 ዲግሪ አካባቢ ለደረሰ ቴስታታ የ22 እና የ42 ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ 95 ዲግሪ ላይ ላለ ራዲያተር ግን ትልቅ ነው። የተሳቢውን ክስ ለቮልስ ያለበሳችሁት እዚህ ላይ ነው። ቆላው ነፃ ነው አላልኩም፤ ወፍራም አየር ለሞተሩም ጉልበት ይጨምራል፣ ጉልበት ደግሞ እሳት ነው። ግን ደጋ መውጣት መድኃኒት አይደለም።

ወንድሜ፣ ፎቶህ ላይ ሌላም ነገር አየሁ። ሲግልብህ ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ አስፍተኸዋል፣ ሁለቴ ሳይሆን አይቀርም። መውጫውስ? ከሥር ያለችው መዳፍ የምታህል ናት። አየር ሲሞቅ ያብጣል፤ መውጫው ከመግቢያው በሩብ፣ እንዲያውም እስከ ግማሽ ድረስ መብለጥ አለበት። አዋሻችን ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፣ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። የአንተም አየር ኮፈኑ ውስጥ አቤ ሐይቅ ሠርቷል። የገባው ካልወጣ ሌላ አይገባም፣ ፊቱን በር ብታህለውም።

ገንዘብ የማያስወጣ መለኪያ አለ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ በ"ዩ" ቅርጽ አጥፈህ ግማሹን ውሃ ሙላው። አንዱን ጫፍ ከሲሊንደሮቹ በላይ፣ ሌላውን ከበታች አድርገው። ሞተሩ ሲሠራ ውሃው በሁለቱ ክንድ እኩል ከሆነ አየሩ እየተገፋ አይደለም። ክፍተቱን በጎማና በሲሊኮን ድፈን፣ መውጫውን አስፋ፣ እንደገና ለካ። ለእያንዳንዱ ቴስታታ የሙቀት መለኪያ ይኑረው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ቀዝቃዛውን እያየህ ሌላው ይነድብሃል። ካርቡራቶሩንም ፈትሽ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። ቆሞ በሙሉ ጉልበት ማስኬድም ፍርደ ገምድል ፈተና ነው፤ ፕሮፔለር ሥሩ አካባቢ ብዙ አየር አይገፋም። አፍንጫውን ወደ ንፋስ አዙር፣ አሳጥረው። ከመሬት መነሳት ደግሞ በፈቃድ ነው፣ ይህን አትዝለል።

"ዕብደት ነው" ለምትሉት፦ አስመላሽ ዘፈሩ በእናቱ በኪሮስ ስም ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን በቮልስ ሞተር ሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ዜና ሆኗል፤ መማሪያው የአቪዬሽን መጻሕፍትና ዩቲዩብ ነበር። ከዚያ በፊት በ1935 ጀርመናዊው ዌበር ከእኛ ሰዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት "ፀሐይ" ጣሊያን ከርማ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ተመልሳልናለች። የእሷም ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ሰባቱ ሲሊንደሮቿ ግን እንደ ኮከብ ዙሪያውን ተዘርግተው እያንዳንዳቸው ንፋሱን ፊት ለፊት ያገኛሉ። የቮልስ አራቱ ይህ ዕድል የላቸውም፤ ዕድላቸው ያ ልትጥለው የነበረው ላሜራ ነው።

ላሜራውን መልሰህ ግጠምና ፎቶ ላክልኝ። ከፊት አታንሳው፤ መሬት ላይ ተኛና ከሥር፣ መውጫውን አንሳ።