ሴፍቲኔቱ የታለ? ከወገዳ መጥቶ ፎቅ ላይ ለሚንጠለጠለው ልጅ መረቡን የሚዘረጋው ማነው?

የስማዳ ሰው “ሴፍቲኔት” የሚለውን ቃል ለማወቅ እንግሊዝኛ መማር አላስፈለገውም። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ስማዳ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንት እርዳታ ፈላጊ ተብለው ከተመዘገቡት ወረዳዎች መካከል ናቸው። እርከን ተሠርቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገኝ ስንዴ ወይም ብር ወገዳ ላይ ስሙ ሴፍቲኔት ነው። ቃሉ በተወለደበት አገር ግን ሌላ ነገር ነው። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ቢወድቅ መሬት ሳይደርስ የሚቀበለው መረብ ማለት ነው። መረብ!

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ጅምር ፎቅ ሥር ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ። ባሕር ዛፍ በሚስማርና በሽቦ ተያይዞ በተሠራ ርብራብ ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ ቆሞ ጣውላ ይቀበላል። ከሥሩ መረብ የለም። ወገቡ ላይ ቀበቶ የለም። ራሱ ላይ ያለው የሹራብ ኮፍያ ነው። ምሳ ሰዓት ሲወርድ ጠብቄ አናገርኩት።

“ከወዴት ነህ ወንድሜ?”

“ከስማዳ ነኝ ጋሼ። ከወገዳ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው።”

“ሄልሜት አልሰጧችሁም እንዴ?”

ሳቀብኝ። “ፎርማኑ አለው። እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣ ለኛም ያውሱናል።”

“ብትወድቅስ?”

“ያው ሌላ ይቀጠራላ!”

ውድ አንባቢያን፣ ልጁ የቀለደ መስሏችሁ እንዳትስቁ። የአገራችንን የሥራ ላይ ደኅንነት ፖሊሲ በሦስት ቃል ነው የነገረኝ።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ሕጉ ሞልቶ ተርፏል። ኢትዮጵያ ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት የወጣውን 155ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከዚያ ወዲህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. እየታደሰ ወጥቷል። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። እንዲያውም ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላመጣው በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ይህን የሚያህል ሕግ ይዘን ነው እንግዲህ ልጁ በነጠላ ጫማ ሰማይ ላይ የሚንጠለጠለው!

አንድ ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። “ድንገተኛ አደጋ ነው፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው” ይባላል። የለቅሶ ድንኳን ይተከላል፣ ይነሣል፣ ያበቃል። ለመሆኑ ድንገተኛ የሚባለው የቱ ነው?

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በማርያም ክብረ በዓል፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ በነበረችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ቁስለኛው ከ200 በላይ ነበር። ለበዓል የወጣ ምእመን በሬሳ ተመለሰ። መንግሥትም ከሐዘን መግለጫው ጋር “በግንባታ ሥራ ሁሉ ለደኅንነት ቅድሚያ ይሰጥ” አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እንጨቱ የሰው ክብደት ይችል እንደሆነ ከመስከረም 21 በፊት ማን ወጥቶ አየ?

ወደ ኋላ ደግሞ እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተናደ፤ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው ቀብሮ ከ110 በላይ ነፍስ አጠፋ። ያ ክምር ባንድ ሌሊት አልበቀለም። ለአስርት ዓመታት ሁላችን እያየነው፣ አፍንጫችንን እየያዝን እያለፍነው የከመርነው ነው። ለአስርት ዓመታት የታየ ነገር ድንገተኛ ከተባለ፣ ድንገተኛ ያልሆነው የቱ ሊሆን ነው?

የወገዳው ልጅ ፎቁን በደኅና ወርዶ ቤቱ ቢገባም ሞት ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል። የሚያድረው ከአምስት ያገሩ ልጆች ጋር በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። ብርድ ሲሆን በሩ ይዘጋል፣ ቀዳዳው በጨርቅ ይደፈናል፣ ከሰል ይያያዛል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየው ድካም ነው ብሎ ይተኛል፤ በዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው “ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱ ከጠፋ አይገድልም” ብሎ ያምናል። ይገድላል! ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከሰል ማንደጃው ደጅ ይዋል፣ ደጅ ይደር። ራሱን የሳተ ሰው ከተገኘም በሩና መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈት፣ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ሐኪም ቤት ይወሰድ። “ይሻለዋል” እየተባለ አይጠበቅ።

አሁን ደግሞ መልስ የሚሰጡን አይጠፉም። “ድሃ አገር ነን፣ አቅም የለም” ይሉናል። መስታወት የለበሰ ፎቅ ለማቆም አቅም ያለው ባለሀብት ለመረብና ለቀበቶ አቅም ያጣል? “ሠራተኛው ራሱ ሄልሜት አይወድም” ይላሉ ደግሞ። ሰጥታችሁት እምቢ ሲል አይተናል እንዴ? በድህነት ካነሡብን፣ ባንግላዴሽም ድሃ አገር ነበረች። ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ሳለ የልብስ ሰፊዎቹ “ግቡ” ተብለው ከ1,100 በላይ አለቁ። ከዚያ በኋላ ግን ልብስ ገዢዎቹ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አስገዳጅ ስምምነት ፈርመው ፋብሪካዎቹ እየተፈተሹ እንዲጠገኑ አደረጉ። ድህነቱ ባይጠፋም ፍተሻው መጣ። እኛስ የማንን እልቂት ነው የምንጠብቀው?

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሆነ የክልልና የከተማ ቢሮዎቹ ተቆጣጣሪዎቻቸውን ከስብሰባ አዳራሽ አውጥተው ርብራብ ላይ ይላኩ። መረብ የሌለው ሥራ መረብ እስኪዘረጋ ይቁም። በሥራ ላይ የሞተው ሰው ቁጥር ከነቦታውና ከነአሠሪው በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። ዋናው ኮንትራክተር “ንዑስ ተቋራጩን ጠይቁ” እያለ አያምልጥ።

አንተም የስማዳ፣ የጋይንት፣ የእስቴ ልጅ ስማ። ውሉ በቃል ቢሆን እንኳ ሠራተኛ ነህ። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስምህን፣ ሥራህንና ደመወዝህን ጽፎ ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል፤ ወረቀቱ አለመሰጠቱም መብትህን አያስቀርም። የምትሠራበትን ድርጅት ስም ያገርህ ልጅ ይወቀው፤ ስልኩ ላይ ይያዘው። ብትጎዳ የሚመሰክርልህ እሱ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ወገዳ ያለችው እናት ልጇን የላከችው በሬሳ ሣጥን እንዲመለስላት አይደለም። ስንዴውን ሴፍቲኔት ብላችሁ ሰጣችኋት። መረቡንስ?